የድህነት ቁጥር የማያየው ሥጋት

በ2017 ዓ.ም. ማገባደጃ ላይ የዓለም ባንክ የአስከፊ ድህነትን ዓለም አቀፍ ወለል በቀን ከ2.15 ዶላር ወደ 3 ዶላር ከፍ አደረገ። በዚህም ሳቢያ ለ2022 እ.ኤ.አ. ቀደም ሲል 713 ሚሊዮን ተብሎ የነበረው በአስከፊ ድህነት የሚኖሩ ሰዎች ብዛት 838 ሚሊዮን ሆነ። በመካከሉ የማንም መሶብ አልጎደለም፤ የተለወጠው የዋጋ ማነጻጸሪያውና መለኪያው ነው። ዜናውን የሰማ ሰው ግን «ድህነት ጨመረ» ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ መደናገር አለ። ይፋዊው አኃዝ ድህነት ከ1988 እስከ 2008 ዓ.ም. ባሉት ሃያ ዓመታት ውስጥ በግማሽ ገደማ መቀነሱን ይናገራል። ከዚያ ወዲህ የሰሜኑ ጦርነት፣ ተደጋጋሚ ድርቅ፣ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ ያለፈው የዋጋ ንረት፣ እንዲሁም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ተደራርበው መጥተዋል። በአደባባይ ክርክር አንዱ ወገን አኃዙን ይዞ ሲሟገት ሌላው የሚያውቀውን ኑሮ ይዞ ይመልሳል፤ አንዳቸው ሌላውን በዋሾነት ወይም በአላዋቂነት ሲወነጅሉም ይሰማል። የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር መሆኑ ግን እምብዛም አይነሳም። አኃዙ የሚናገረው ሰው ባለፈው አንድ ዓመት ምን እንደበላና ምን እንደገዛ ነው፤ ኑሮ ከብዶኛል የሚለው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እያሰበ ያለው ስለ መጪው ዓመት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት፣ ማለትም የአደጋ ሥጋት በድህነት ልኬት ውስጥ ምን ቦታ እንዳለውና ምን ቦታ ሊኖረው እንደሚገባ ነው።

ቁጥሩ የሚሠራበት መንገድ

የኢትዮጵያ ይፋዊ የድህነት ወለል «የዕለት ጉርስ፣ የዓመት ልብስ» የሚለው አባባል በገንዘብ ሲተመን የሚገኘው ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። በመጀመሪያ አንድ አዋቂ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ እንዲያገኝ የሚያስችለው፣ ድሃ ቤተሰቦች በተግባር ከሚመገቧቸው ምግቦች የተውጣጣ የምግብ ቅርጫት ይሰላል፤ በዚያ ላይ ለልብስ፣ ለመጠለያ፣ ለማገዶና ለመሳሰሉት የሚወጣው ይታከላል። ሕፃናት እንደ ዕድሜያቸው የአዋቂ ክፋይ ሆነው ይቆጠራሉ። በ2008 ዓ.ም. ወለሉ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 3,772 ብሩ ለምግብ የተያዘ ነበር። ጠቅላላው ለ365 ቀናት ሲካፈል ለአንድ ቀን 20 ብር አይሞላም።

በዚህ ስሌት ከወለሉ በታች የሚኖረው ሕዝብ ድርሻ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ፣ በ1992 ዓ.ም. 44.2፣ በ1997 ዓ.ም. 38.7፣ በ2003 ዓ.ም. 29.6፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 23.5 በመቶ ነበር። መረጃው የሚሰበሰበው የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የአሁኑ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ በየአምስት ዓመቱ ገደማ በሚያካሂደው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ነው።

ከገቢ ይልቅ ፍጆታ መመረጡ በቂ ምክንያት አለው። የገበሬ ገቢ አውድማ ላይ በአንድ ወር ተሰብስቦ የሚመጣ ሲሆን፣ የሚበላው ግን በአሥራ ሦስቱም ወር ነው። ስለዚህ ፍጆታ ከገቢ ይልቅ የተረጋጋ መስተዋት ነው። የሚያሳየው ግን የተጠየቀበትን ጊዜ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ያን ፍጆታ ያገኘው ከምርቱ ይሁን ጥሪቱን ሸጦ፣ ተበድሮ ይሁን ተረድቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሊደግመው ይችል እንደሆነም ከአጠቃላዩ አኃዝ አይነበብም።

በድርቅ ዓመት የተገኘው 23.5 በመቶ

የ2008 ዓ.ም. ጥናት የተካሄደው ኤልኒኖ ያስከተለው ብርቱ ድርቅ አገሪቱን በመታበት ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት መንግሥትና አጋሮቹ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው አስታውቀዋል፤ ከእነዚህ ሌላ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በሴፍቲኔት ይታገዙ ነበር። ሆኖም የድህነት ምጣኔው ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው በስድስት መቶኛ ነጥብ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህን ጎን ለጎን ያየ ሰው ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ የተሠራ ነው ብሎ ቢጠረጥር አያስገርምም።

እርስ በርስ ግን የግድ አይጋጩም። የዕርዳታ ቁጥሩ የሚመልሰው «ካልታገዙ በስተቀር የሚራቡት ስንት ናቸው?» የሚለውን ጥያቄ ሲሆን፣ የድህነቱ ምጣኔ የሚመልሰው «በመጨረሻ ከወለሉ በታች የተመገቡትና የኖሩት ስንት ናቸው?» የሚለውን ነው። በዕርዳታ የተገኘ ስንዴም ሲበላ ፍጆታ ነው። ዕርዳታው በጊዜ በደረሰበት ወረዳ፣ ተቀባዩ ቤተሰብ ከወለሉ በላይ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ ይህ የዕርዳታው ስኬት እንጂ የጥናቱ ስህተት አይደለም። ጥያቄው ያንን ቤተሰብ «ድህነትን የተሻገረ» ብሎ መጥራት ይገባል ወይ የሚለው ነው። መሻገሩ የተንጠለጠለው ከእጁ ውጪ በሆነ የመርከብ ጉዞ፣ የለጋሾች ውሳኔና የመንገድ ደህንነት ላይ ነውና።

በሬው ሲሸጥ

ነገሩን ይበልጥ ለማየት አንድ የተለመደ ሁኔታ እናስብ። አንድ ጥማድ በሬ፣ ጥቂት ፍየሎችና አንዲት ጊደር ያለው ገበሬ ዘንድ ዝናቡ ነሐሴ ላይ ቀድሞ ይቋረጣል፤ ማሽላው ፍሬ ሳይቋጥር ይደርቃል። ጎተራው እስከ ጥር እንደማይዘልቅ ገበሬው ገና በመስከረም ያውቀዋል። መጀመሪያ ፍየሎቹን፣ ቀጥሎ ጊደሯን፣ በመጨረሻም አንዱን በሬ ገበያ ያወጣል። በዚያ ገበያ ከብት ይዞ የወጣው እሱ ብቻ ስላልሆነ የከብት ዋጋ ይወርዳል፤ ሁሉም እህል ፈላጊ ስለሆነ የእህል ዋጋ ይወጣል። በደህናው ጊዜ በአንድ በሬ የሚሸመተው እህል በዚህ ጊዜ በእጅጉ ይቀንሳል። በተገኘው ገንዘብ ግን ቤተሰቡ እስከ ሰኔ ይበላል። መረጃ ሰብሳቢው በግንቦት መጥቶ «ባለፉት ሰባት ቀናት ምን ያህል ማሽላ፣ ምን ያህል ሽሮ ተመገባችሁ?» ቢል፣ የሚያገኘው መልስ ከወለሉ በላይ ሊሆን ይችላል።

ሰኔ ሲገባ ግን ጥማዱ ጎድሏል። ገበሬው እንደሱ አንድ በሬ ብቻ ከቀረው ጎረቤት ጋር መቀናጆ ይገባል፤ በተራ ስለሚያርሱም የአንዳቸው መሬት የዘር ወቅት ያልፍበታል። ይህ ካልሆነለት መሬቱን የእኩል ሰጥቶ ከገዛ ማሳው ግማሽ ምርት ይቀበላል። ዝናቡ ቢስተካከልም ምርቱ አይመለስለትም። ስለዚህ ድርቁ በአኃዝ ላይ ከታየ የሚታየው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ያኔ ደግሞ ጥናት ላይኖር ይችላል።

ከገጠር ውጪም ተመሳሳይ ነገር አለ። የአንድ ከተማ ቤተሰብ ፍጆታ ከወለሉ በላይ የሆነው ልጃቸው ከዓረብ አገር በምትልከው ገንዘብ ከሆነ፣ የቤተሰቡ ደህንነት በአንድ አሠሪና በአንድ መኖሪያ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ እንዲመለሱ ሲደረግ፣ የብዙ ቤተሰቦች ኑሮ በስንት ክር ተንጠልጥሎ እንደነበር በአንድ ጊዜ ታይቷል። የፍጆታ ጥናት ልጃቸው የምትልከው ገንዘብ ከመቋረጡ በፊት ቢያገኛቸው፣ በቁጥሩ ውስጥ ድሆች አልነበሩም።

አንድን ቤተሰብ ደጋግሞ መጠየቅ ያሳየው

ይህን ለመረዳት የሚረዳው የጥናት ዓይነት ያንኑ ቤተሰብ በተለያየ ዓመት ደጋግሞ የሚጠይቅ ነው፤ በባለሙያዎች አጠራር «ፓነል» ይባላል። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ቀድማለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ክፍል ከውጭ ተቋማት ጋር በመተባበር ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 የገጠር መንደሮች 1,477 ቤተሰቦችን ደጋግሞ ጠይቋል። ከጥናቱ መሪዎች አንዱ የሆኑት ኢኮኖሚስቱ ስቴፋን ዴርኮንና ባልደረቦቻቸው በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርተው ያገኙት ውጤት ዛሬም በዘርፉ በስፋት ይጠቀሳል።

በመጀመሪያዎቹ ዙሮች፣ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ጊዜ ውስጥ፣ ብዙ ቤተሰቦች ወለሉን ወደ ላይና ወደ ታች ሲሻገሩ ታይተዋል። ጠቅላላው ምጣኔ እምብዛም ባይለወጥም፣ ከምጣኔው በስተጀርባ ያሉት ሰዎች ተለዋውጠዋል ማለት ነው። በኋለኛው ዙር በተደረገ ትንተና ደግሞ ባለፉት አምስት ዓመታት ቢያንስ አንድ ጊዜ ድርቅ የመታው ቤተሰብ የነፍስ ወከፍ ፍጆታው በ20 በመቶ ገደማ፣ ከባድ ሕመም የገጠመው ደግሞ በ9 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ዝናብ በ10 በመቶ ቢያንስ ከአራትና አምስት ዓመት በኋላም የፍጆታን ዕድገት በአንድ መቶኛ ነጥብ ያህል እንደሚጎትት፣ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ጠባሳም እስከ 1980ዎቹ ማብቂያ ድረስ በቤተሰቦች ዕድገት ላይ እንደታየ ተመዝግቧል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዱብ ዕዳ ጊዜያዊ ተብሎ የሚናቅ አለመሆኑ ነው። በልኬት ቋንቋ «ዘላቂ ድህነት» እና «አላፊ ድህነት» ተብለው የሚለዩት ሁለት ዓይነቶች በተግባር አንዱ ሌላውን ይወልዳል።

ያልመጣው ዱብ ዕዳ ዋጋ

እስካሁን የተባለው አደጋው በእርግጥ ስለደረሰባቸው ነው። በእኔ ግምት በልኬት ውስጥ ይበልጥ የተዘነጋው ግን አደጋው ሳይደርስ የሚከፈለው ዋጋ ነው። ሥጋት ያለበት ገበሬ ከፍ ያለ ምርት ከሚሰጠው ይልቅ ዝናብ ሲያጥር የሚችለውን ዘር ይመርጣል፤ አንድ ማሳ ላይ ከማተኮር ደጋና ቆላ የተበተኑ ቁርጥራጮችን ይይዛል። በትግራይ ገብስና ስንዴ ደባልቆ የሚዘራው ሐንፈጽ የዚህ ጥበብ አንዱ ማሳያ ነው፤ ዝናቡ ካነሰ ገብሱ፣ ከበረከተ ስንዴው ያወጣል። ጥበብነቱ አያጠራጥርም፤ ሆኖም በደህና ዓመት ሊገኝ ይችል የነበረውን ምርት በከፊል አስቀድሞ መተውን ይጠይቃል።

ማዳበሪያም በተመሳሳይ መንገድ ሊታይ ይገባል። ማዳበሪያ በዱቤ የወሰደ ገበሬ ሰብሉ ቢጠፋም ዕዳው ይቀራል። በዚያው የ15ቱ መንደሮች መረጃ ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት፣ መጥፎ ዓመት ቢመጣ ፍጆታቸው እጅግ የሚያሽቆለቁል ቤተሰቦች ማዳበሪያ የመጠቀም ዕድላቸው አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ አሥር ዓመት ሙሉ ዝናቡ ባይዛነፍ እንኳ፣ ሊዛነፍ ይችላል የሚለው ሥጋት ብቻውን ቤተሰቡን በዝቅተኛ ምርት ላይ ያቆየዋል። በዚህ ጊዜ ድህነቱ በቁጥሩ ውስጥ ይታያል፤ ምክንያቱ ግን አይታይም። «ገበሬው ለአዲስ ነገር እጁ ያጥረዋል» እየተባለ በባህል ወይም በትምህርት ማነስ ሲሳበብ የሚኖረውም ለዚህ ነው።

ሥጋትን በቁጥር ለማስገባት የተደረጉ ሙከራዎች

ኢኮኖሚስቶች ይህን ክፍተት ለመሙላት «ተጋላጭነት» የሚል ጽንሰ ሐሳብ ይጠቀማሉ። በቀላል ትርጉሙ፣ ዛሬ ድሃ ይሁንም አይሁን አንድ ቤተሰብ ወደፊት ከወለሉ በታች የመገኘት ዕድሉ ነው። ቃሉ ግን በየቦታው አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። በ2011 ዓ.ም. መረጃ ላይ በተመሠረተው የኢትዮጵያ ዘርፈ ብዙ የድህነት መለኪያ 68.7 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ድሃ፣ ሌላ 18.4 በመቶ ደግሞ «ተጋላጭ» ተብሏል፤ እዚያ ተጋላጭ የተባለው በጤና፣ በትምህርትና በኑሮ ሁኔታ ጉድለቱ ለድህነት መቁረጫው የቀረበ ቤተሰብ ነው። ቅርበት ከሥጋት ጋር አንድ አይደለም፤ ከገደል አንድ ክንድ ርቆ በደልዳላ ድንጋይ ላይ የቆመ ሰውና አምስት ክንድ ርቆ በሚንሸራተት አፈር ላይ የቆመ ሰው በርቀት ብቻ አይወዳደሩም።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። የድህነት ወለሉን 100 እንበል። ቤተሰብ ሀ በየዓመቱ ሳይጨምር ሳይቀንስ 95 ይፈጃል። ቤተሰብ ለ በሁለት ደህና ዓመታት 150፣ በሦስተኛው ክፉ ዓመት 70 ይፈጃል። ቤተሰብ ለ በአማካይ 123 ላይ ስለሚደርስ ከሀ እጅግ የተሻለ ይመስላል። ድሆችን በመቁጠር ብቻ ከሄድን ሀ ሁልጊዜ ድሃ ነው፤ ለ ደግሞ ከሦስት ዓመት አንዴ። ከወለሉ የጎደለውን መጠን ካየን ግን የሀ ጉድለት በየዓመቱ 5 ሲሆን የቤተሰብ ለ አማካይ ጉድለት 10 ነው። የከፋ ጉድለት የበለጠ ክብደት ይኑረው ብለን ጉድለቱን በራሱ ብናባዛው፣ የቤተሰብ ለ ውጤት የሀን አሥራ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ይህ የመጨረሻው አሠራር ጄምስ ፎስተር፣ ጆኤል ግሪርና ኤሪክ ቶርቤክ በ1984 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ይፋዊ ሪፖርቶችም «የድህነት ክፋት» እያሉ ያወጡታል። ዜና ውስጥ ግን የሚገባው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ቁጥር ነው።

ቆጠራው ብቻውን ሥጋት ባለበት ሁኔታ ግራ የሚያጋባ ጠባይም አለው። ቤተሰብ ሀ ወደ ዕድል ጨዋታ ገብቶ በአንዱ ዓመት 105፣ በሌላው 75 ቢፈጅ አማካዩ ከ95 ወደ 90 ይወርዳል፤ ኑሮውም ይናጋል። በቆጠራው ግን ሁልጊዜ ድሃ የነበረው ቤተሰብ አሁን ድሃ የሚሆነው በግማሹ ጊዜ ብቻ ስለሆነ «ድህነት በግማሽ ቀነሰ» ይባላል። ሥጋት መጨመሩን እንደ መሻሻል የሚመዘግብ መለኪያ፣ ቢያንስ ብቻውን ሊተው አይገባም።

ሌላው መንገድ ከቤተሰቡ ስሜት ይነሳል። ቤተሰብ ለ ከሚዋዥቀው 123 ይልቅ በየዓመቱ ሳይጓደል 105 ቢሰጠው ደስ ብሎት የሚለውጥ ከሆነ፣ የ18 ልዩነቱ የሥጋት ዋጋ ነው። ኢኮኖሚስቶቹ ኢታን ሊጎንና ሎራ ሼክተር በ2003 እ.ኤ.አ. ይህን ሐሳብ በቡልጋሪያ መረጃ ላይ ሲሞክሩት፣ የቤተሰቦችን ደህንነት በመቀነስ ረገድ ድህነትና ሥጋት በግምት እኩል ድርሻ እንዳላቸው አገኙ። መንገዱ ማራኪ ቢሆንም ሰው ሥጋትን ምን ያህል እንደሚጠላ ተንታኙ አስቀድሞ መገመት አለበት፤ ግምቱ ሲለወጥ ውጤቱም ይለወጣል።

ሊሰላ የሚችለውና የማይሰላው

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ፍራንክ ናይት በ1921 እ.ኤ.አ. ሁለት ነገሮችን ለይተው ነበር። ዕድሉ በልምድ ወይም በመረጃ ሊሰላ የሚችለውን አደጋ ከማይሰላው፣ ማለትም እርግጠኝነት ፈጽሞ ከጠፋበት ሁኔታ፣ ለዩት። የዝናብ እጥረት በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ የሠላሳና የአርባ ዓመት መዝገብ ይዞ በአንድ ወረዳ በአሥር ዓመት ስንት ጊዜ እንደሚጎድል መገመት ይቻላል። በቦረና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ለአርብቶ አደሮች የቀረበው የከብት መድን የተቻለውም የግጦሹ ልምላሜ በሳተላይት እየታየ ካለፉት ዓመታት ጋር ስለሚነጻጸር ነው።

ጦርነት፣ መፈናቀል፣ የመንገድ መዘጋትና ድንገተኛ የፖሊሲ ለውጥ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የላቸውም። በ2011 ዓ.ም. የተሰበሰበ የቤተሰብ መረጃ ይዞ የ2013 ዓ.ም.ን ሁኔታ ሊተነብይ የሚችል ቀመር አልነበረም። ይባስ ብሎ እርግጠኝነት በጠፋበት ቦታ መረጃውም ይጠፋል። በ2014 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ትግራይን ማካተት አልቻለም። በቤተሰብ ላይ የሚመሠረት ጥናት በባሕርይው ጎዳና ላይ የሚያድሩትን አያገኝም፤ በጊዜያዊ መጠለያ ያሉትንም ብዙ ጊዜ ያልፋቸዋል። ውጤቱ፣ ሥጋቱ ከሁሉ የከፋባቸው ሰዎች ከቁጥሩ ውጪ ሆነው የቀሩት ሰዎች አማካይ «የአገሪቱ» ተብሎ መነበቡ ነው።

በግልና በጋራ ዱብ ዕዳ መካከል ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ይገባል። ዕድር ለአንድ ቤት ሐዘን ሲደርስ ሌላው ቤት ደህና ስለሆነ ይሠራል፤ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም በዚያው መርህ ላይ የቆመ ነው። ድርቅ ሁሉንም ቤት በአንድ ቀን ሲያንኳኳ ግን የሚያዋጣ አይገኝም። አንድ ዓይነት የፍጆታ መዋዠቅ ያላቸው ሁለት ቤተሰቦች፣ የአንዱ መዋዠቅ ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ የሚሄድ ከሆነ፣ በእኩል ተጋላጭ አይደሉም።

ተቃውሞዎቹ

ሥጋትን በድህነት ልኬት ውስጥ ማስገባትን የሚቃወሙ ባለሙያዎች ክርክር ቀላል አይደለም። አንደኛው ክርክራቸው፣ ድህነት ማለት አሁን የጎደለ ነገር እንጂ ሊጎድል የሚችል ነገር አይደለም የሚል ነው። ዛሬ የራበው ልጅና ከርሞ ሊራብ የሚችል ልጅ በአንድ ስም ከተጠሩ፣ የመጀመሪያው ልጅ ጩኸት ይደበዝዛል። በዝናብ በሚታረስ አገር ደግሞ ተጋላጭ ያልሆነ ስለማይገኝ፣ ሁሉንም የሚያካትት መለኪያ ማንንም አይለይም። በጀት ውስን በሆነበት ሁኔታ ይህ እውነተኛ አደጋ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ቴክኒካዊ ቢሆንም ክብደቱ አያንስም። አንድ ቤተሰብ በመጀመሪያው ዙር አንድ ኩንታል ጤፍ ረስቶ ሳይናገር ቢቀር፣ በሁለተኛው ዙር ደግሞ ቢያስታውሰው፣ መረጃው ቤተሰቡ «ከድህነት ወጣ» ይላል። የአመላለስ ስህተት ከእውነተኛ መዋዠቅ ጋር ተደባልቆ ስለሚቀርብ፣ ወለሉን ወደ ላይና ወደ ታች ተሻገሩ ከተባሉት ውስጥ ምን ያህሉ በእርግጥ እንደተሻገሩ መለየት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የአላፊ ድህነት መጠን ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ተጋንኖ ይወጣል።

የመጀመሪያው ክርክር ሁለቱን ቁጥሮች ወደ አንድ መጠቅለልን የሚያስከለክል ነው፤ ጎን ለጎን ማውጣትን ግን አይከለክልም። ሁለተኛው ጥንቃቄን የሚያስገድድ ቢሆንም፣ ስህተቱ የተገመተበትን ቁጥር ጨርሶ አለማውጣት ተጋላጭነትን ዜሮ ነው ብሎ ከመገመት የተለየ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ቤተሰቦች ባለፈው ዓመት ስለደረሰባቸው ዱብ ዕዳና ስለተቋቋሙበት መንገድ የሚጠይቅ ክፍል አለው፤ ለመነሻ የሚሆነው መረጃ በእጅ ነው።

ሴፍቲኔትና «ምረቃ»

ይህ ሁሉ ከባለሙያዎች ጠረጴዛ ወርዶ ሰው ላይ የሚያርፈው በቀበሌ ደረጃ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ዋና ሐሳብ፣ በየዓመቱ በአስቸኳይ ጥሪ ሲረዱ የነበሩ ቤተሰቦች ለበርካታ ዓመታት አስቀድሞ የታወቀ ክፍያ ያግኙ የሚል ነበር። መሥራት የሚችሉት በእርከንና በተፋሰስ ሥራ፣ የማይችሉት በቀጥታ ድጋፍ ይካተታሉ። እዚህ ላይ አስቀድሞ መታወቁ ራሱ ጥቅም ነው፤ በመጋቢት ክፍያ እንደሚመጣ የሚያውቅ ገበሬ በኅዳር በሬውን ለመሸጥ አይጣደፍም። ክፍያው በሁለትና በሦስት ወር ሲዘገይ፣ መጠኑ ሳይቀነስ ዋጋው ይቀንሳል። የፍጆታ አኃዝ ይህን ልዩነት አይመዘግበውም፤ የተከፈለው ብር ያው ነውና።

ከፕሮግራሙ መውጣት «ምረቃ» ይባላል። ኮሚቴው የሚያየው በአብዛኛው የቤተሰቡን ጥሪት፣ የከብቱን ብዛትና የምርቱን ሁኔታ ነው። ሁለት ደህና ዓመታት ተከታትለው የመጡለት ቤተሰብ ለ፣ በ150 ላይ ሳለ ቢታይ ያለ ጥርጥር የሚመረቅ ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ግን 70 ላይ ይገኛል። ቤተሰብ ሀ ደግሞ 95 ላይ ሆኖ ለመመረቅም ለመባስም ሳይበቃ ይቆያል። አንድ ኮታ ብቻ የቀረው ኮሚቴ ከሁለቱ ማንን በፕሮግራሙ ውስጥ ያቆይ?

በአንድ ቁጥር ብቻ ሲታይ መልሱ ሀ ነው፤ በጉድለቱ ክፋት ሲታይ ደግሞ ለ። ጥያቄው ሲጀመር የተሳሳተ መስሎ የሚታየኝ ለዚህ ነው። ሀ የሚያስፈልገው በየዓመቱ የሚቀጥል አነስተኛ ድጎማ ሲሆን፣ ለ የሚያስፈልገው በክፉው ዓመት ብቻ የሚመጣ ነገር ግን ፈጥኖ የሚደርስ ከፍ ያለ ክፍያ ነው። ሴፍቲኔቱ ለሁለተኛው ዓይነት የሚሆን የመጠባበቂያ በጀት ከጅምሩ ነበረው። በጀቱ መቼ እንደሚለቀቅ በአብዛኛው ሲወሰን የቆየው ግን ከበልግና ከመኸር በኋላ በሚደረግ የፍላጎት ዳሰሳ ላይ ተመሥርቶ በመሆኑ፣ ዳሰሳው ተጠናቅቆ ውሳኔው ወረዳ እስኪደርስ የገበያው ቀን ያልፋል። ዝናቡ ነሐሴ ላይ መቋረጡ በሳተላይትም በጣቢያ መዝገብም በዚያው ወር ይታወቃል፤ ክፍያውን ከዚያ መዝገብ ጋር ለማያያዝ ደግሞ በየወረዳው እንደ ለ ያሉት ቤተሰቦች ስንት እንደሆኑ አስቀድሞ የተቆጠረ መሆን አለበት። 23.5 በመቶ የሚለው አኃዝ ይህን አይነግረንም፤ በ2008 ዓ.ም. ከወለሉ በላይ ሆኖ ከተመዘገበው 76.5 በመቶ ውስጥ ስንቱ በዚያ ዓመት በሬ እንደሸጠም እንዲሁ።